የግራ ጆሮ

ከእኛ ቤት ለዘር የሚሆን ከብት ወይም በግ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ጥርስ አያይም፤ ጀርባም አይለካም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚያየው የግራ ጆሮ ነው። የጆሮዋ ጫፍ ሙሉ ከሆነ ያቺ ላም ስትወለድም ሆነ ስትወልድ የሰው እጅ አልነካትም ማለት ነው። ጫፉ ከተቆረጠ ግን አንድ ቀን ተረድታለች። ወተቷ ይጠጣል፣ ሥጋዋም ይበላል፤ ለዘር ግን አትሆንም። ሕጉን ያወጡት አባባ ናቸው። በጽሑፍ የሰፈረበት ቦታ የለም፤ ግን እኔና ወንድሜ ስማችንን ከመለየታችን በፊት እሱን አውቀናል።

መሬታችን ድንጋይ ነው። ነፋሱ አያድርስ! ሣሩ ሲበቅል እንኳ ፈራ ተባ እያለ ነው የሚበቅለው። እዚህ የሚኖር ከብት ራሱን ካልቻለ አለቀለት፤ አባባም ራሱን የሚችል ዘር አወጣለሁ ብለው ሃምሳ ዓመት ደከሙ። የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ጀምሮ ለላም ሦስት ሰዓት፣ ለበግ ደግሞ አንድ ሰዓት ይሰጣል። እስከዚያ ማንም አጥሩን አያልፍም። ሰዓቱ ሲሞላ ገብቶ መርዳት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢላዋ ይወጣና የእናትዬውም የልጅዬውም የግራ ጆሮ ጫፍ ይቆረጣል። ሰው ጨካኝ ይላቸዋል። እኔም ብያቸዋለሁ፣ ያውም ፊት ለፊት።

እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍም። ቤት ውስጥ ስሜ «ክብሪት» ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ለበግ ነጋዴ፣ ለሹፌር፣ ለገዛ ወንድሜ፣ ለነፋሱም ሳይቀር መልስ አለኝ። ወንድሜ ከኔ በአራት ዓመት ያንሳል፤ ዝምተኛ ነው፣ በጎቹን የሚይዘው እሱ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ስትናገሪ በጎቹ ሣር መንጨት ያቆማሉ» ይለኛል። ይበላቸው! እንዲህ ሆኜ ግን አንድ ነገር ለሃያ ስምንት ዓመት ሳልናገር ኖርኩ።

እናታችን በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። አባባና ወንድሜ አውራ በጎች ሊያደርሱ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደው ቤቱ ለእኔ ተጥሏል። እናቴ ጉራች የምትባል ጥቁር ላም ነበረቻት። ከሷ በቀር ሌላ ላም አታልብም፤ ጉራችም ከእናቴ በቀር ሌላ ሰው አታስጠጋም፤ ሁለቱም ኩሩዎች ነበሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ጓዳው መስኮት እየመጣች ትቆማለች። እኔ ውስጥ ሆኜ አለቅሳለሁ፣ እሷ ውጭ ሆና ታመነዥካለች።

ያን ቀን ምጥ ያዛት። ሁለት የፊት ሰኮና ብቅ ብሎ ቀረ። ታምጣለች፣ ይወጣል፤ ታርፋለች፣ ይመለሳል። አንገቷን አዙራ አየችኝ፤ አንጀቴን በላችው። ሦስት ሰዓት ቀርቶ ሃያ ደቂቃም አልታገስኩ። ክንዴ ያኔ ቀጭን ነበር፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ሳሙና ተቀብቼ ገባሁ። ሰኮናዎቹ ላይ ገመድ አስሬ፣ ስታምጥ እየሳብኩ፣ ስታርፍ እያረፍኩ አወጣሁት። ወንድ ነው፤ ራሱ ድንጋይ የሚያክል። ቢላዋውን አወጣሁ። የእናቴን ላም ጆሮ ይዤ ቆምኩ። ብቆርጠው እኮ በዓመቱ ቄራ ነው የምትሄደው! ቢላዋውን መልሼ አጠፍኩት።

አባባ ሲመለሱ «እንዴት ወለደች?» አሉኝ።

«ራሷን ችላ» አልኳቸው።

በቃ ይቺው ናት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባባን ዋሽቻቸው አላውቅም።

ያ ጥጃ አድጎ ሹሙ ሆነ። ሹሙ ያልነው ሲራመድ ስብሰባ የረፈደበት ባለሥልጣን ስለሚመስል ነው። ሣሩ ሲያልቅ፣ የሌላው ከብት የጎን አጥንት ሲቆጠር፣ እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥቋጦ እየቀረጠፈ ይውላል። በሽታ አያውቅም። አባባ በሱ የማይሆኑት አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ከእናቴ ፎቶ አጠገብ የሱን ፎቶ ሰቀሉ፤ የኔ እስካሁንም አልተሰቀለም። ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ የሹሙን ልጆች ወሰደ። አባባ ለእያንዳንዱ የጥጃውን ጆሮ ይዘው «ይኸው፣ ሙሉ ነው፤ ከአያቱ ጀምሮ ሙሉ ነው» ይላሉ። እኔም ቆሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ዓይኔን ከጆሮው አሸሽ ነበር። የሹሙ ልጆች ራሳቸውን ችለው ሲወልዱ፣ የልጅ ልጆቹም ሲወልዱ ሳይ ግን ተጽናናሁ። «አየሽ፣ ምንም አልሆነም» አልኩ ለራሴ። እንዲያውም ሕጉን በሆዴ ሳቅሁበት።

አባባ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ከውጭ ኮርማ ያስመጡ ነበር። አምና ወንድሜ በቁርስ ሰዓት «አባባ፣ ዘንድሮም ከውጭ እናምጣ» ሲላቸው እምቢ አሉ። ዳቧቸውን አስቀመጡና «ሃምሳ ዓመት ያጣራሁት ዘር እያለ የማን ዘር ነው የምለምነው? የሹሙን የልጅ ልጅ በሹሙ የልጅ ልጆች ላይ እለቀዋለሁ። ምን የሚፈራ ነገር አለ? ጆሯቸው እንደሆነ ሙሉ ነው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ክብሪትስ ምን ትላለች?»

ልናገር ነበር። በእግዜር፣ አፌ ተከፍቷል! የሹሙ ፎቶ ከፊቴ አለ፣ እናቴም ከፎቶው አጠገብ አለች።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኳቸው።

ወንድሜ ደንግጦ አየኝ። «እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ በኋላ፣ ዕቃ ሳጥብ። ሂድ ወደ በጎችህ ብዬ አባረርኩት።

ዘንድሮ አሥራ አንድ ጊደሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወልዱ ደረሱ፤ በሆዳቸው ያለው ጥጃ ሁሉ በእናትም በአባትም የሹሙ ደም ነው። ሰኞ የመጀመሪያዋ ሁለት ሰዓት ተኩል አምጣ የሞተ ጥጃ ወለደች። አባባ «ያጋጥማል» አሉ። ረቡዕ ሁለተኛዋ ሦስት ሰዓት ሞላባት፤ ገብተን አወጣነው፤ ሞቷል። አባባ ጆሮዋን ቆረጡ። ከብት ላይ ቢላዋ ሲያወጡ ሳይ ስንት ዘመኔ! «ከአሥራ አንድ አንዷ ብትወጣ ምን ይደንቃል?» አሉ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ጥጃውን እኔ አውቄዋለሁ። ራሱን፣ የግንባሩን ስፋት፣ የትከሻውን አያያዝ አውቀዋለሁ፤ አንዴ በእጄ ይዤዋለሁና።

ዓርብ ከቁርስ በኋላ የዳልቻ ውሃ ፈሰሰ።

ዳልቻ ከአሥራ አንዱ የኔ ናት ማለት ይቻላል። አመድማ መልክ ያላት፣ ነገረኛ ጊደር ናት፤ ባልዲ ካየች ገፍታ ትደፋለች፣ ገመድ ካገኘች ታኝካለች። ወንድሜ «ባሕርይዋ ካንቺ ነው» ይላል። ጉራችን የምትመስለው ግን አንገቷን አዙራ ስታይ ነው። አባባ የብረት ወንበራቸውን ከአጥሩ ውጭ አስደርገው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ የኪስ ሰዓታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። እኔና ወንድሜ ከጎናቸው ቆምን። ዳልቻ አንዴ ትተኛለች፣ አንዴ ትነሳለች። ሰኮናዎቹ ታዩ፣ ገቡ። ታዩ፣ ገቡ።

«አባባ፣ እንግባ» አልኳቸው።

«ስንት ሆነ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«እንግዲያው ገና ነው።»

«ይቺ አትወልድም! ሰኮናው ተመልሶ እየገባ ነው፤ አይታይዎትም?»

«ይታየኛል። መነጽር አድርጌያለሁ።»

ወንድሜ እጄን ነካ አደረገኝ፣ ተይ ለማለት። ቆሽቴ አረረ። «ሦስት ሰዓት ብትቆዩም፣ ሦስት ቀን ብትቆዩም አትወልድም እያልኳችሁ ነው! የከብት ሐኪሟን እንጥራ፣ አሁን እንግባ!»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ስቆጣቸው ሁሌ ይስቁ ነበር፤ አሁን አልሳቁም። «ልጄ፣ በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። «የማላውቀው የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። ነገር ካለ ሰዓቱን እተወዋለሁ፤ አሁኑኑ እንገባለን።»

ዳልቻ ደረቷ ድረስ ላብ ነክሯታል። ሹሙን እናቱ ራሷን ችላ አልወለደችውም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አምስት ቃል ቢሆን ነው።

«ዝም ብዬ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው እንጠብቅ» አሉና መነጽራቸውን መለሱ።

አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ጠበቅን። ሰዓቱን እየቆጠርኩ እዚያ አጥር ላይ ቆምኩ፤ ዓይኔ እያየ፣ ክንዴ እያለ። ምን ያህል እንደሚረዝም ለማንም ማስረዳት አልችልም። ዳልቻ አንገቷን አዙራ ስታየኝ ወደ ጫማዬ አጎነበስኩ። ወንድሜ ሐኪሟ ጋ ደውሎ መንገድ ላይ ናት አለ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆናት ዳልቻ መጮህ አቆመች፤ ያ ይብሳል። ሰዓቱ ሲሞላ አባባ «ግቡ» አሉ፤ አጥሩን ዘልዬ ገባሁ።

ክንዴ የድሮው ክንድ አይደለም። ጣቶቼን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ገመድ ላስር ብል አልታጠፍ አሉኝ። የወንድሜ እጅ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አይገባም። የጥጃው ምላስ ወጥቷል፣ ሰማያዊ ሆኗል። ሁለታችንም ገመዱን ይዘን እግራችንን ተክለን ጎተትን። ወጣ። ወንድ ነው፤ ራሱ ድንጋይ የሚያክል። አፍንጫውን ጠረግሁ፣ ደረቱን አሸሁ፣ ተነስ አንተ ብዬ በጥፊ መታሁት። ወንድሜ ነው ትከሻዬን ይዞ «እትዬ፣ በቃ» ያለኝ። ዳልቻ ልትልሰው አንገቷን ዘረጋች። ልትነሳ ሞከረች፤ የፊት እግሮቿ ቆሙ፣ የኋላዎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግተው ቀሩ።

የከብት ሐኪሟ ደረሰች። አንዲት ቃል የማታባክን ሴት ናት። ዳልቻን እግር እግሯን ቆነጠጠች፣ ዳሌዋን ዳሰሰች፣ ጥጃውን አገላበጠች፣ ከዚያ እጇን ታጠበች። «ነርቩ ተጎድቷል» አለች። «ጥጃው ዳሌዋ ውስጥ ብዙ ቆይቷል። ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥቶ ቢሆን ሁለቱም ይተርፉ ነበር። እስከ አራት ቀን ካልተነሳች አትነሳም።» ወንድሜ የሰኞንና የረቡዕን ሲነግራት ወደ አባባ ዞረች። «አባባ፣ ሦስቱም እንዲህ ከሆኑ ነገሩ በዘር የመጣ ነው። ዳሌው ጠባብ፣ ጥጃው ባለ ትልቅ ራስ። በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ይደበቃል፤ በሁለቱም ወገን ሲገናኝ ይወጣል። ከአያቶቻቸው መካከል ስትወልድ የተረዳች ላም አለች?»

አባባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ከሹሙ ወገን? አንዲትም! ሂጂና ጆሯቸውን እይ።»

ሐኪሟ አልሄደችም፤ ግን አጥሩን ተደግፈው የቆሙትን ጊደሮች አየቻቸው። የሁሉም ጆሮ ሙሉ ነው። አባባም በኩራት አብረዋት ያያሉ፤ ያ ኩራታቸው ነው አንጀቴን የቆረጠው።

«የሹሙን እናት ረድቻታለሁ» አልኩ።

ወንድሜ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አሉ አባባ።

«ጉራችን። እርስዎ በጎች ሊያደርሱ የሄዱ ጊዜ። ገብቼ አወጣሁት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሃያ ደቂቃም አልሞላም።»

«ጆሮዋስ?»

«አልቆረጥኩም። የእናቴ ላም ናት፣ አባባ። ቄራ ልትሄድብኝ ነው። የሱንም አልቆረጥኩም።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ በጩኸት እኮ አላንስም። እሳቸው ግን የኪስ ሰዓቱን ክዳን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። «መርዳትሽ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ብኖር ሰዓት ሳላይ እገባላት ነበር፤ የእናትሽ ላም ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ለሰው ጆሮ ይዤ አሳየሁ፣ ልጄ። ስንቱን ሰው አታለልኩ።» ለመነሳት የወንበሩን ክንድ ያዙ፤ ወንድሜ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገሸሽ አደረጉት። ሲነሱ ዳልቻን አዩና ወደኔ ዞሩ። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም።

ቅዳሜ ወንድሜን ከብቱን ሁሉ ወደ ጠባቡ የእንጨት መተላለፊያ አስገባ አሉት። ከሹሙ ደም የሆነ ሁሉ ጆሮው ይቆረጣል። ወንድሜ «አባባ፣ እንዲህ ካደረግን እኮ ምን ይቀረናል?» ሲላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቢላዋውን ለማንም አልሰጡም። ወንድሜ ከኋላ ይነዳል፣ እኔ ራሳቸውን እይዛለሁ፣ አባባ ይቆርጣሉ። ስልሳ ሦስት። እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተወለደች፣ የትኛዋ ጨው እንደምትወድ። እጄ ላይ ያለው ጆሮ ይሞቃል፣ ቢላዋው ያልፋል፣ ትደነግጣለች፣ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። ስልሳ ሦስተኛዋ ስታልፍ የሰው እጅ ያልነካቸው ተብለው የቀሩት አሥራ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም ግማሹ ያረጁ። በጎቹ እንዳሉ አሉ፤ የወንድሜ በጎች አልተነኩም። አባባ ወደ በጎቹ ዞረውም አላዩ።

እሑድ ስልክ ያዙ። ወንድሜ ቁጥሩን ይመታላቸዋል፣ እሳቸው ይናገራሉ። ከኛ ከብት የወሰደውን ሰው ሁሉ፣ ያስታወሱትን ሁሉ። «ጤና ይስጥልኝ። ከኔ ቤት የወሰድከው ኮርማ ጆሮው ሙሉ ነው ብዬህ ነበር። አይደለም። ቁረጠው» ይላሉ። ወዲያ ያለው ሰው ሲጮህ ይሰማኛል። አንዱ ሳቀ፤ አርጅተው ነው ብሎ መሰለው። አንዱ ጊደሮቹ በሚቀጥለው ወር ይወልዳሉ አለ፤ አባባ እስኪጨርስ ሰሙት። እኔን ልጄ ናት ያጠፋችው ብለው ለአንድም ሰው አልተናገሩም። ምነው በነገሯቸው! ከጓዳ ሆኜ «እኔ ነኝ በሏቸው» ብዬ ጮህኩ፤ ያልሰማ መሰሉ።

የቀሩት ስምንት ጊደሮች በየተራቸው አማጡ። ሰዓት የሚባል ነገር ቀርቶ ሐኪሟ ውሃ ሲፈስ ትገባለች። አምስት ጥጃ ተረፈ፣ ሦስት ሞተ። የተረፉትም ጆሯቸው ከመድረቃቸው በፊት ተቆረጠ። እኔና ወንድሜ ደግሞ ዳልቻን ስናገላብጥ እንውላለን። በአንድ ጎኗ ብዙ ከተኛች ሥጋዋ ይሞታል ተብለናል፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ እናገላብጣታለን። ከሆዷ ሥር ጣውላ አስገብተን ለማንሳት ሞከርን። በጆንያ ድርቆሽ ደገፍናት። እየበላች ነው፣ ባልዲውንም እንደ ልማዷ ትደፋለች። «በርቺ አንቺ ነገረኛ» እላታለሁ፤ የፊት እግሮቿን ተክላ ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጣ እጄን ትልሳለች። አባባ በየቀኑ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ፤ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን ሐኪሟ መርፌዋን ይዛ መጣች። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዳልቻ በሞተች በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ለቁርስ አልመጡም። ሻይ ቀድቼ ጠበቅሁ። ወንድሜ በጎቹን ሊለቅ ወጥቶ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም የሉም። ሄጄ በራቸውን ገፋ አደረግሁ። አልጋቸው ላይ ተጋድመው የራስጌውን እንጨት ይዘዋል። አንድ እግራቸው ወለሉን ነክቷል፤ ሌላው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ፊታቸው በላብ ወርዝቷል። ልግባ ስል እጃቸውን ከፍ አደረጉና አስቆሙኝ።

«ስንት ሆነ?» አሉ። ከዓርብ ወዲህ ለኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የጀመርኩት።»

የኪስ ሰዓቱ ኮመዲኖው ላይ ነው። አየሁት። «አንድ ሰዓት ተኩል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ገና ነው» አሉ።

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ቢሆን ዘልዬ ገብቼ፣ ተሳድቤ አነሳው ነበር። እሳቸው እንጨቱን ይይዛሉ፣ ይገፋሉ፣ ወገባቸው እስከ ግማሽ ይነሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያርፋሉ። እንደገና። ከአጥር ውጭ ስንቱን ምጥ ቆሜ አይቻለሁ። የበሩን ጉበን ያዝኩ። እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ምን ብዬ እንደለመንኩት እንኳ አላውቅም፣ ወይ ይነሱ ወይ ይጥሩኝ ብዬ ይሆናል። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ ሊያልፈኝ ሲል በክርኔ መለስኩት።

ስንት ጊዜ እንደሞከሩ ልቁጠር ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ ትራሱ ላይ ወደቁና ጣሪያውን እያዩ ቆዩ።

«በይ ነይ» አሉ።

ገባሁ። በብብታቸው ሥር ክንዴን አስገብቼ አነሳኋቸው። እንዴት እንደቀለሉ! አንዲት የታመመች በግ ከሳቸው ትከብዳለች። የአልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እግራቸውን አስተካከልኩ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፍኩላቸው፤ እምቢ አላሉም። ያ እምቢ አለማለታቸው አስፈራኝ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የግራ ጆሯቸውን ወደኔ መለሱ።

«ቢላዋው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው» አሉ።

ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ፊታቸውን አየሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ።

«አባባ፣ ይተዉ እንጂ» አልኳቸው።

«ሳትቆርጪ አንድ ጊዜ አልፈሻል» አሉ። «ሁለተኛ እንዳታልፊ።»

ኮታቸው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ከኔ ሁለት እርምጃ ነው፤ አልሄድኩም። የጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ይሞቃል። ልለቀው አልቻልኩም፣ ላደርገው የምችለውም ሌላ ነገር አልነበረም። እሳቸውም አንገታቸውን ቀና አላደረጉ። ወንድሜ ሳሎን ሆኖ «እትዬ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ» እያለ ይጣራል።